ከቆላ ወደ ደብረ ብርሃን ሲወጡ ምን ይዘው ይሂዱ?

ደብረ ብርሃን፦ የሰሜን ሸዋ ዞን መቀመጫ የሆነችው ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ሰፊ ሜዳ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። በዚሁ ጎዳና ወደ ሰሜን ዘልቆ፣ የጣርማ በርን ተራራ ወርዶ፣ ደብረ ሲናን ያለፈ ተጓዥ ሸዋ ሮቢት ይደርሳል። ሸዋ ሮቢት ግን 1 ሺህ 300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ ማሾና ሽንኩርት የሚመረትባት ሞቃት የቆላ ከተማ ናት። ከአንዷ ወደ ሌላዋ ለመድረስ ግማሽ ቀን አይፈጅም። በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ግን ተጓዡ ከቆላ ወደ ደጋ ተሻግሯል።

ይህን መንገድ የሚወጣው የቆላ ነዋሪ በአብዛኛው ለሽርሽር አይደለም የሚሄደው። ታማሚ ወደ ሆስፒታል ያደርሳል፣ ወደ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይቀርባል፣ በዞን መምሪያዎች ጉዳይ ያስፈጽማል፣ ልጁን ወደ ዩኒቨርሲቲ ይሸኛል፣ ምርት ይሸጣል። ሌሊት ተነሥቶ፣ ጉዳዩን ጨርሶ፣ ማታ ቤቱ ለመግባት አስቦ ይነሣልና ከለበሰው ካናቴራና ከትከሻው ኩታ በቀር ብዙ ነገር አይዝም። ጉዳይ ግን እንደታሰበው የሚያልቅበት ቀን ጥቂት ነው። የምርመራ ውጤት ለነገ ይቀጠራል፤ ፈራሚው ኃላፊ ስብሰባ ላይ ናቸው ይባላል፤ የመጨረሻው መኪና ሞልቶ ይሄዳል። ችግሩ የሚጀምረውም ያልታሰበው አዳር ሲመጣ ነው። ስለዚህ ከቆላ ወደ ደብረ ብርሃን የሚወጣ ሰው ጓዙን ማሰናዳት ያለበት ለማደር ባያስብም እንደሚያድር አድርጎ ነው። የዚህ ጽሑፍ ምክር በሙሉ ከዚህ ይነሣል።

ብርዱ ከየት ይመጣል?

የአየር ሙቀት ከፍታ በጨመረ ቁጥር ይቀንሳል። ቅነሳው እንደ ወቅቱና እንደ አየሩ እርጥበት የሚለያይ ቢሆንም በአማካይ በየ1 ሺህ ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያህል ነው። በዚህ ስሌት ሸዋ ሮቢትንና ደብረ ብርሃንን የሚለያቸው 1 ሺህ 500 ሜትር ብቻውን የ10 ዲግሪ ልዩነት ያመጣል። በመካከል ያለው ጣርማ በር ደግሞ ከሁለቱም ከተሞች ይበልጣል፤ 3 ሺህ 200 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በጣሊያን ወረራ ዘመን ተራራው ተፈልፍሎ በተሠራው ዋሻ የሚያልፈው መኪና ብዙ ጊዜ በጉም ተሸፍኖ ነው የሚወጣው። መስኮት አጠገብ የተቀመጠ ተሳፋሪ የከተማዋን ብርድ ከመቅመሱ በፊት የተራራውን ይቀምሳል። ስለዚህ ሹራብ መልበሻው ቦታ ደብረ ሲና እንጂ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ አይደለም። በዕቃ መጫኛው ላይ በታሰረ ሻንጣ ውስጥ ያለ ሹራብ ደግሞ በመንገድ ላይ እንደሌለ ይቆጠራል፤ ወፍራሙን ልብስ በእጅ ይያዙት።

ሁለተኛው ምክንያት ቀኑና ሌሊቱ መራራቃቸው ነው። በበጋ ወራት የደብረ ብርሃን እኩለ ቀን ለስላሳ ነው፤ ሙቀቱ 20 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። በዚያው ዕለት ሌሊት ግን ሰማዩ ደመና የለበሰ ስላልሆነ ምድር ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ያለ ከልካይ ወደ ላይ ትለቃለች። ጎሕ ሲቀድ ሙቀቱ ከዜሮ በታች የሚወርድባቸው ሌሊቶች አሉ፤ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር። ሣሩ ላይ፣ በቆመ መኪና መስታወት ላይ አመዳይ ይታያል። የደጋው ገበሬ ይህን ብርድ ውርጭ ብሎ ነው የሚያውቀው፤ ዘግይቶ የተዘራ ገብስና ባቄላ ፍሬ ሳይቋጥር እንዳይመታበትም ይፈራዋል። ባቄላን የሚያጠቁር ብርድ ኩታ ለለበሰ ሰው አይራራም።

ውርጭን አስቀድሞ ማወቅ ለገበሬ አዲስ ነገር አይደለም። ማታ ሰማዩ ጠርቶ ከዋክብት ከደመቁ፣ ነፋሱም ጸጥ ካለ፣ ማለዳው ውርጭ ነው። ደመና ከሸፈነው ሌሊቱ ይለዝባል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውኃ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ይፈስሳል፤ በሜዳው ረባዳ ስፍራና በወንዝ ዳር ያለ ማደሪያ ትንሽ ከፍ ብሎ ካለው የበለጠ የሚቀዘቅዘው ለዚህ ነው። ከተማዋን የማያውቅ ሰው አልጋ ሲይዝ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ይህንንም ቢያይ ይጠቀማል። በሩና መስኮቱ ገጥሞ መዘጋቱን፣ በአልጋው ላይ ስንት ብርድ ልብስ እንዳለ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ይመልከት።

አንድ ወፍራም ወይስ ሦስት ሳሱ?

ገላን የሚያሞቀው ጨርቁ ሳይሆን በጨርቁ ውስጥና በልብሶቹ መካከል የታሰረው አየር ነው። ጋቢ የሚያሞቀው አራት ድርብ ስለሆነና በድርቦቹ መካከል አየር ስለሚይዝ ነው። በዚህ ምክንያት ከአንድ ወፍራም ካፖርት ይልቅ ተደራርበው የሚለበሱ ሦስት ልብሶች ለደብረ ብርሃን ይሻላሉ፦ ከውስጥ ገላን የሚነካ ካናቴራ፣ ከመካከል ሹራብ፣ ከላይ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት። ማለዳ 12 ሰዓት ሦስቱም ይለበሳሉ። 4 ሰዓት ላይ ጃኬቱ ይወልቃል። ከቀኑ 7 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ሹራቡም ሊከብድ ይችላል። 11 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። አንድ ካፖርት ብቻ የያዘ ሰው ግን ቀን ያልበዋል፣ ማታ ደግሞ ላብ ያረጠበው ልብስ ገላው ላይ ይቀዘቅዝበታል።

ጋቢን በተመለከተ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ጋቢ ጥጥ ነው፤ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ከእሱ የሚሻል የሌሊት ልብስ ማግኘት ይከብዳል። ዝናብ ሲነካው ግን ውኃውን ይመጥጣል፣ ይከብዳል፣ ሙቀት የመያዝ ዐቅሙን ያጣል፤ በደብረ ብርሃን የክረምት አየር ደግሞ በአንድ ቀን አይደርቅም። የበግ ጠጉር ከዚህ ይለያል። እርጥበት ቢነካውም ከሙቀቱ የተወሰነውን ይዞ ይቆያል። የመንዝ ሰዎች ከበግ ጠጉር ባናና በርኖስ ሠርተው ያን ብርድ የኖሩበት ያለ ምክንያት አይደለም። ከቆላ የሚመጣ ሰው በርኖስ ይግዛ ማለት አይደለም፤ ግን ከልባሽ ጨርቅ ገበያ ሹራብ ሲመርጥ ከሚያብረቀርቀው ይልቅ ሱፍ ያለበትን ቢፈልግ ገንዘቡ አይባክንም። ጋቢው ለማደሪያ ይሁን፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ይያዝ።

እግር ብዙ ጊዜ ይረሳል። በረባሶ ወይም ነጠላ ጫማ አድርጎ ወደ ደብረ ብርሃን የሚወጣ ተጓዥ በማለዳ በሆስፒታል ወይም በፍርድ ቤት በር ላይ ተራ ሲጠብቅ ከሲሚንቶው ወለል የሚመጣው ብርድ በእግሩ በኩል መላ ሰውነቱን ይገባዋል። የተሸፈነ ጫማና ሁለት ጥንድ ካልሲ ያስፈልጋሉ፤ አንዱ ለመንገድ፣ ሌላው ደረቁ ለመኝታ። ሁለት ካልሲ ደርቦ ጫማን ማጥበቅ ግን አያሞቅም። የጠበቀ ጫማ የደም ዝውውርን ስለሚያግድ እግሩ ይበልጥ ይደነዝዛል። ጭንቅላትና አንገት እንዲሁ ይሸፈኑ፤ የሱፍ ኮፍያ ወይም ሻሽ ከኪስ የሚገባ ቀላል ዕቃ ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል ቀን ላይ ፀሐይዋ እንደምትፋጅ ሊዘነጋ አይገባም። በከፍታ ቦታ አየሩ ስስ በመሆኑ ከፀሐይ የሚመጣው ጎጂ ጨረር ከቆላው ይበረታል። ብርዱ ስለሚያታልል ሰው ፊቱ መቃጠሉን የሚያውቀው ማታ ነው። ባርኔጣ ወይም ጃንጥላ፣ ለሚሰነጠቅ ከንፈርም ቫዝሊን ይበቃል።

ክረምትና በልግ

ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም መግቢያ ያለው ጊዜ ከውርጩ ወራት የተለየ ችግር አለው። ሌሊቱ ደመናማ ስለሆነ እንደ ታኅሣሥ አይከፋም፤ ቀኑ ግን ፀሐይ የለውም፣ እርጥበቱም ልብስ ውስጥ ይገባል። ሐምሌና ነሐሴ ዋናው ዝናብ የሚወርድባቸው ወራት ናቸው፤ በረዶ የሚቀላቀልበትም ቀን አለ። በዚህ ወቅት ከሁሉ የሚቀድመው ጓዝ ደረቅ ቅያሪ ልብስ ነው፤ አንድ ሙሉ ቅያሪ፣ ከውስጥ ልብስ እስከ ካልሲ፣ በሁለት ፌስታል ተደርቦ ታስሮ። ጃንጥላ ይረዳል፤ ነገር ግን የደጋ ዝናብ ከነፋስ ጋር ሲመጣ ጃንጥላ ስለሚገለብጥ የዝናብ ልብስ ወይም እንደ ካባ የሚጣል ሰፊ ላስቲክ ይሻላል። ቦቲ ጫማ ጭቃውን ይከላከላል፣ ቀን ሙሉ ቢሮ ለቢሮ ለሚዞር ሰው ግን ይከብዳል።

የበልጉ ወራት፣ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ፣ የማይታመኑ ናቸው። ጠዋት ነፋስና አቧራ፣ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሊሆን ይችላል። ለበልግ የክረምቱን ላስቲክና የበጋውን ሹራብ ሁለቱንም መያዝ ነው፤ ሌላ ብልሃት የለውም።

ሕፃን፣ አረጋውያንና ታማሚ

ከእዚህ ክፍል የሚበልጥ በጓዙ ጉዳይ ላይ የለም። የሕፃን ገላ ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር ሰፊ ስለሆነ ሙቀቱን በፍጥነት ያጣል፤ ጭንቅላቱ ካልተሸፈነ ደግሞ የበለጠ። እናት ልጇን በጀርባዋ ስታዝል ፊቱን በመተንፈሻ ቀዳዳ ሳትደፍን ራሱንና እግሩን ትሸፍን። ሌሊት ከራሷ ገላ ጋር አስጠግታ ማቀፏ ከማንኛውም ብርድ ልብስ ይሻላል። የሽንት ጨርቅ ከተለመደው እጥፍ ይያዝ፤ በዚያ አየር ታጥቦ ቶሎ አይደርቅም፣ እርጥብ ጨርቅ ደግሞ ልጁን ከብርዱ በላይ ይጎዳዋል። ልጁ ከሳለ በኋላ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ሲተነፍስ የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ከገባ ወይም ጡት መጥባት ካቆመ ጉንፋን ነው ብሎ ማሳለፍ አይገባም። ይህ የሳንባ ምች ምልክት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

ከቆላ የሚመጣ ሰው ብቻ የሚገጥመው ሌላ አደጋ አለ። ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ በቆላው የወባ ወቅት ነው፤ በደጋው ደግሞ ብርዱ የሚበረታበት። ትንኟ ከነደፈችው በኋላ በአብዛኛው አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ቆይቶ የሚነሣው ወባ ተጓዡን ደብረ ብርሃን ላይ ሊይዘው ይችላል። ሰውየው ሲንቀጠቀጥ አጠገቡ ያሉት «ብርዱ ነው፣ አልለመደውም» ብለው ጋቢ ይደርቡለታል። ብርድ ያንቀጠቀጠው ሰው ሲሞቀው ይረጋጋል። ወባ ያንቀጠቀጠው ግን ብርድ ብርድ ካለው በኋላ ትኩሳቱ ይወጣል፣ ራሱን ያመዋል፣ ያልበዋል። እንዲህ ያለ ነገር ሲታይ ሳይውሉ ሳያድሩ ደም ማስመርመር፣ ለባለሙያውም ሳይጠየቁ «ከቆላ ነው የመጣሁት» ብሎ መናገር ይገባል። ይህች ዐረፍተ ነገር በጓዙ ውስጥ ክብደት የላትም፤ ዋጋዋ ግን ከጋቢው ይበልጣል።

አረጋውያን፣ አስም ወይም የልብ ሕመም ያለባቸው ሰዎች የሚወስዱትን መድኃኒት ለአንድ ቀን ሳይሆን ለሦስት ወይም ለአራት ቀን ይያዙ። ስሱ አየር ከመናኸሪያ ወደ ሆስፒታል በፍጥነት የሚራመድን ጤነኛ ሰው እንኳ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ለእነሱ ባጃጅ መያዝ ቅንጦት አይደለም።

ከሰሉን ከመኝታ ክፍል ያውጡት

ብርድ ልብሱ ያልበቃው እንግዳ ብዙ ጊዜ የሚፈልገው የከሰል ምድጃ ነው። አከራዮችም በቅንነት ያቀርባሉ። የሚነድ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ፣ ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ያወጣል። ጋዙ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ ሰውየው ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ድካም ይሰማዋል፣ ከተኛ ደግሞ ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። ጭሱ ወጥቶ ፍሙ ነጭ አመድ ስለለበሰ አደጋው አለፈ ማለት አይደለም፤ ጢስ የሌለው ፍምም ጋዙን ያመነጫል። ውርጭን ፈርተው በርና መስኮት በሚዘጋባት ጠባብ ክፍል ውስጥ ከሰል አድርጎ መተኛት በምንም ምክንያት አይደረግ። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ራሱን የሳተ ሰው ሲገኝ መጀመሪያ በሩን ከፍቶ ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት፣ ወዲያውኑም ወደ ሆስፒታል ማድረስ ነው።

በከሰሉ ምትክ ሙቅ ውኃ የተሞላ ሃይላንድ፣ ክዳኑ በደንብ ተጠብቆ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ በእግር በኩል ቢደረግ አልጋውን ያሞቀዋል። ውኃው የፈላ እንዳይሆን፤ ፕላስቲኩን ያላላዋል። ከመተኛት በፊት ትኩስ ምግብ መብላትም ይረዳል፣ ሰውነት ከሚፈጨው ምግብ ሙቀት ያገኛልና። በሶና ቆሎ ለመንገድ ተመራጭ የሆኑት በዚህም ምክንያት ነው፤ አይበላሹም፣ ማብሰያ አይፈልጉም።

አረቄ ያሞቃል የሚለው አባባል ግን ግማሽ እውነት ብቻ ነው። አልኮል ከቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ስለሚከፍት ፊት ይሞቃል፣ ደስ ይላል፤ በዚያው ልክ ግን ከውስጥ ያለው ሙቀት በቆዳ በኩል ይወጣል። ጠጥቶ በውርጭ ሌሊት ረጅም መንገድ የሚሄድ ወይም ደጅ የሚተኛ ሰው ብርዱን ሳይሰማው ነው የሚጎዳው።

ሰነድ፣ ስልክና ስጦታ

የመሬት ይዞታ ደብተር፣ መታወቂያ፣ የጤና መድን መታወቂያ፣ የሪፈር ወረቀት፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ፤ እነዚህ ከልብስ ተለይተው በላስቲክ ውስጥ ገብተው ከደረት ኪስ ወይም በአንገት ከሚንጠለጠል ቦርሳ ይቀመጡ። የራሰ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዞ መቅረብ ሌላ ቀጠሮ ያስከትላል። ስልክም ከውስጥ ኪስ ይሁን፤ ባትሪው በብርድ ቶሎ ይደክማልና።

ለዘመድ የሚወሰደውን ስጦታ በተመለከተ፣ ቲማቲም፣ ሙዝና ማንጎ የቆላ ሰብሎች ናቸው፤ ብርድ ይጎዳቸዋል። ሙዝ ከ13 ዲግሪ በታች በሆነ ቦታ ካደረ ልጣጩ ይጠቁራል፣ በቅጡም አይበስልም። ሌሊቱን በረንዳ ላይ ወይም መኪና ላይ አሳድሮ ጠዋት ለባለቤቱ መስጠት አያስመሰግንም። ሽንኩርትና ማሾ ግን ደረቅ ቦታ እስካገኙ ድረስ ብርዱ ብዙም አይገዳቸውም።

ወደ ቆላ ሲመለሱ ደግሞ ልብሱ እንደተለበሰው በአንድ ጊዜ አይወልቅም። መኪናው ጣርማ በርን ተሻግሮ መውረድ ሲጀምር የላይኛው፣ ደብረ ሲና ሲታለፍ ሹራቡ ይነሣል። በተለይ የታቀፈ ሕፃን እንደተጠቀለለ ሸዋ ሮቢት ከደረሰ በላብ ይረጥባል፤ እናት በየመንገዱ እጇን አንገቱ ሥር አግብታ ሙቀቱን እያየች ታላላለት። በደጋው የረጠበ ጋቢና ሹራብ ካለ፣ ቤት እንደገቡ ከላስቲኩ አውጥቶ ፀሐይ ላይ መስጣት ያስፈልጋል፤ ታስሮ ካደረ ይሻግታል።